ወተመህ ውስጥ ከተመረጥሽ፣ ከመፈረምሽ በፊት

ጥያቄው፦ «የምኖረው ካዛንችስ አካባቢ ነው። ልጄ የመንግሥት ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍል ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ ሳላስበው ለወተመህ፣ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ መረጡኝ። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተጠርቼ ወረቀት ላይ ፈርሜ ተመልሻለሁ፤ የፈረምኩት ምን እንደሆነ ግን በደንብ አላውቅም። አሁን ደግሞ ለጥበቃና ለጽዳት ከየወላጁ 300 ብር ይሰብሰብ እየተባለ ነው። የኮሚቴው ሥራ ምንድን ነው? ገንዘብ ማስከፈል ይችላል? ሰፈራችን ፈርሶ ግማሹ ወላጅ ርቆ ሄዷል፤ ማንን ነው የምወክለው? ሱቅ ተቀጥሬ ስለምሠራ ሐሙስ ከሰዓት ስብሰባ መውጣት አልችልም። ብተወው ይሻላል?»

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ብዙ ሰው ይመረጣል፣ ይፈርማል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ምን ሲሠራ እንደከረመ ሳያውቅ ይወጣል። እኔ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስተምሬያለሁ፣ ዳይሬክተር ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ከዚያም ክላስተር ሱፐርቫይዘር (የተጎራባች ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ) ሆኜ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞርኩ የኮሚቴና የቦርድ መዝገብ ሳገላብጥ ዓመታት አሳልፌያለሁ። የምነግርሽ መመሪያው የሚለውን ብቻ አይደለም፤ ግቢ ውስጥ ያየሁትንም ጭምር ነው።

አጭሩ መልስ፣ አትተዪው። ያላነበብሽውን ግን አትፈርሚ። ረጅሙ ይኸውልሽ።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሆነ እንለይ። በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለት አካል አለ። አንዱ አንቺ ያለሽበት ወተመህ ነው። ሌላው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ነው። ቦርዱ ላይ የአስተዳደሩ ሰው፣ የነዋሪው ተወካዮች፣ የመምህራን ተወካይና ከወላጆች በኩል የተወከለ ሰው ይቀመጣሉ፤ ዳይሬክተሩ ጸሐፊ ይሆናል። ወተመህ ለዕለት ተዕለቱ ሥራ ቅርብ ነው። ቦርዱ ዕቅድና በጀት ያያል፣ ያጸድቃል፣ ትምህርት ቤቱን ከወረዳው ጋር ያገናኛል። አንዳንድ ቦታ ሁለቱ ተደበላልቀው ሰዉ በጅምላ «ኮሚቴው» ይላቸዋል። ስሙ ብዙ አያስጨንቅሽ።

አንድ ነገር ግን ያዢልኝ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥሽው በዳይሬክተሩ መልካም ፈቃድ አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ቤቶች ከኅብረተሰቡ፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች በተውጣጡ ቦርዶች ወይም ኮሚቴዎች እንዲመሩ አስቀምጧል። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ ኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ ባወጣው መመሪያ ዝርዝሩ መጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ2015 አዲስ ፖሊሲ ወጥቷል፣ የክፍል እርከኑም 6፣ 2፣ 4 ሆኗል። ወላጅ በትምህርት ቤቱ ጉዳይ ላይ ይቀመጣል የሚለው ነገር ግን 30 ዓመት ሙሉ አልተነካም። እዚያ ግቢ ስትገቢ እንግዳ አይደለሽም።

አሁን ኮሚቴው የማይችለውን ልንገርሽ፤ ከዚህ ብትጀምሪ ኋላ አትናደጂም። መምህር መቅጠርም ማባረርም አይችልም። መምህሩ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ቅጥሩም ዝውውሩም ቅጣቱም የራሱ መንገድ አለው። ዳይሬክተሩንም የሚመድበው ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ነው። ወላጆች ተሰብስበው «ይነሣልን» ብለው ጮኸው ሲበተኑ አይቻለሁ። በማግስቱ ዳይሬክተሩ ቢሮው ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ነበር። ጩኸቱ ስላልተጻፈ የትም አልደረሰም።

ታዲያ ጉልበቱ የት ላይ ነው? ቃለ ጉባኤው ላይ ነው። እውነቴን ነው። ትምህርት ቤቱ ዕቅዱን ሲያስጸድቅ የእናንተ ፊርማ ያስፈልገዋል። ከድጎማው ብር ሲያወጣ ያስፈልገዋል። ወረዳው ሲመጣ፣ ኢንስፔክሽን ሲመጣ፣ ኦዲት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የወተመህ ቃለ ጉባኤ የታለ?» የሚለው ነው። እኔም ሱፐርቫይዘር ሆኜ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱኑ ነበር። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተጠርተሽ የፈረምሽው ተራ ወረቀት አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ከአንቺ አጥብቆ የሚፈልገው ነገር እሱ ነበር፣ አንቺ ደግሞ ቆመሽ ሰጥተሽው ተመለስሽ።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። ስሙን የማልጠራው ትምህርት ቤት ነው። መዝገቡን እያገላበጥኩ ሰባት ፊርማ ያለበት፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ አገኘሁ። የስብሰባ ቦታ፣ ዳይሬክተር ቢሮ። ሰዓት፣ ከጠዋቱ 3:00። ቀን፣ ጥር 11። ጥር 11! ከተማው በሙሉ ጃንሜዳ በሆነበት በጥምቀት ቀን ሰባት ሰው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ወንበር ግዥ ተወያይቷል ነው የሚለው። አባላቱን አንድ በአንድ አነጋገርኳቸው። መዝገቡ በጥበቃው እጅ እየዞረ በር ላይ፣ ሱቅ ላይ፣ ታክሲ ጥበቃ ላይ ነው ያስፈረሟቸው። ወንበሩ በእርግጥ ተገዝቶ ነበር፣ ንብረት ክፍልም ገብቷል። ግን ከሰባቱ አንዱ እንኳ ስንት ወንበር እንደተገዛ፣ በስንት ብር፣ ከማን እንደተገዛ አያውቅም ነበር። አንዷ እናት «የልጄ ምዝገባ መስሎኝ ነው» አሉኝ። ሴትየዋ ፊታቸው ሲቀላ ትዝ ይለኛል። እሳቸው ምን አጠፉ? ማንም አላስረዳቸውም።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ እንዲህ አድርጊ። መዝገቡ ሲመጣልሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የሚያስቸኩልሽ ሰው ካለ «አንብቤ ልፈርም» በይው፣ ይህን ለማለት ማንም ይቅርታ አይጠይቅም። ቀኑን እዪ፤ ያን ቀን ነበርሽ? ያልነበርሽበት ስብሰባ ላይ አትፈርሚ። ከመጨረሻው መስመርና ከፊርማው መሃል ባዶ ቦታ ካለ መስመር ይሰመርበት በይ። ያልተስማማሽበት ነገር ካለ ስብሰባውን ረግጠሽ አትውጪ፤ «በሐሳብ ልዩነት» ብለሽ ምክንያትሽን በአንድ መስመር ጽፈሽ ፈርሚ። ይቺ አንድ መስመር ከአንድ ሰዓት ክርክር ትበልጣለች። በኋላ ሰው ሲጠይቅ እሷ ትናገራለች። ሲያልቅ ገጹን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የመንግሥት ምስጢር አይደለም፣ የልጆችሽ ትምህርት ቤት ጉዳይ ነው።

እስካሁን የፈረምሽውንስ? ሰኞ ሄደሽ «የፈረምኩባቸውን ሁለት ቃለ ጉባኤዎች ላንብባቸው» በይ። በቁጣ አይደለም፣ ፈገግ ብለሽ። ደህና ዳይሬክተር ከሆነ ደስ ይለዋል። እኔ ዳይሬክተር በነበርኩ ጊዜ የሚጠይቀኝ ወላጅ ባገኘሁ ቁጥር ሥራዬ ይቀል ነበር፤ ወረዳ ሄጄ «ወላጆቹ ይህን ጠየቁኝ» የምለው ነገር አገኝ ነበር።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፣ ያስጨነቀሽ እሱ ነው።

የትምህርት ቤት ገንዘብ ከአንድ ቦታ አይመጣም። ደመወዝና መደበኛው በጀት ከመንግሥት ነው፤ እሱ ላይ ኮሚቴው ብዙ እጅ የለውም። ከዚያ የትምህርት ቤት ድጎማ የሚባል አለ። በ2001 ዓ.ም. ከጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ጋር የመጣ ነው፤ በተማሪ ቁጥር ልክ ይሰላና ለትምህርት ቤቱ ይለቀቃል። መማር ማስተማሩን ለማሻሻል በታቀደው ዕቅድ መሠረት ነው የሚወጣው። ምን ያህል እንደመጣና በምን ላይ እንደዋለ ወላጅ ማወቅ አለበት፣ ሰሌዳ ላይ መለጠፍም አለበት። ሄደሽ ሰሌዳውን እዪ። የተለጠፈው የፈተና ፕሮግራምና ያረጀ ማስታወቂያ ብቻ ከሆነ፣ የመጀመሪያው አጀንዳሽ ተገኘ ማለት ነው።

ሦስተኛው የውስጥ ገቢ ነው። መሃል ከተማ ላይ ትልቁ ነገር ይህ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የገጠር ትምህርት ቤት የውስጥ ገቢው ሣር ሽያጭና ባሕር ዛፍ ሊሆን ይችላል። የእናንተ ግን መንገድ ዳር ነው። አጥር ጥግ የሚከራይ ሱቅ ሊኖር ይችላል። ካንቲን አለ። አዳራሽ ለሠርግና ለስብሰባ ይከራያል። ሜዳው ቅዳሜና እሁድ ለኳስ ይከራያል። ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ይህ ሁሉ ብር ነው። የምትጠይቂው ደግሞ ቀላል ነው፦ ማን ተከራየ? ውሉ መቼ ተፈረመ? መቼ ያልቃል? ኪራዩ ስንት ነው፣ በየትኛው ሂሳብ ይገባል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል ወይ? ከብዙ ዓመት በፊት በተፈረመ ውል፣ በዚያን ጊዜ ዋጋ፣ ዛሬም ድረስ የተቀመጠ ተከራይ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ሱቁን እያየሁ ወላጆቹ በዚያው ዓመት ለጠመኔ አዋጡ ተብለው እንደነበር ሰማሁ። በጣም አዝኜ ነው የወጣሁት።

ግዥ ሲሆን ደግሞ፣ ሦስት ፕሮፎርማ (የሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ) ቀርቧል ሲባል ሦስቱንም እዪያቸው። ሦስቱ ከአንድ አታሚ የወጡ እስኪመስሉ የሚመሳሰሉ ከሆነ ጠይቂ። ዕቃው ሲገባ ሞዴል 19 የሚባል የገቢ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ከንብረት ክፍል ሲወጣ ሞዴል 22 የሚባል የወጪ ደረሰኝ። ይህን ቋንቋ ማወቅሽ ብቻ ብዙ ነገር ያስተካክላል። «ሞዴል 19ኙን ማየት እችላለሁ?» የምትል ወላጅ ካለች ሰዉ ሥራውን ጠንቀቅ ብሎ ይሠራል።

አሁን 300 ብሩ። በመንግሥት ትምህርት ቤት መማር ነፃ ነው። የምዝገባ ክፍያ የሚባል የለም። ወላጅ በፈቃዱ ሊያዋጣ ይችላል፤ ይህ አልተከለከለም፣ ብዙ ጥሩ ሥራም የተሠራው በዚህ ነው። ነገር ግን ሦስት ነገር አብሮ መኖር አለበት። ኮሚቴው ብቻውን አይወስንም፣ የወላጆች ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ መስማማት አለበት። የማይችል ወይም የማይፈልግ ወላጅ መተው ይችላል። ልጁም በዚህ ምክንያት ምንም ሊደርስበት አይገባም፤ ካርድ መከልከል የለም፣ ከክፍል ማስወጣት የለም፣ ሰልፍ ላይ ስሙን መጥራት የለም። ይህን የመጨረሻውን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። ጠዋት ሰልፍ ላይ «ያልከፈላችሁ ወደዚህ ውጡ» ሲባል አንዲት ሁለተኛ ክፍል ልጅ የዩኒፎርሟን ጫፍ እየጠቀለለች፣ እየፈታች፣ እየጠቀለለች ስትወጣ አይቻለሁ። እናቷ ልብስ አጥባ ነው የምታሳድጋት። ያን ቀን ትምህርት የሚባል ነገር ጆሮዋ አልገባም። እንዲህ ያለ ነገር በእናንተ ግቢ እንዳይሆን መጠበቅ የኮሚቴው ሥራ ነው፣ ከየትኛውም ግዥ ይቀድማል።

ለጥበቃና ለጽዳት ነው የሚለውንም ዝም ብለሽ አትለፊው። ሂሳቡን አብረሽ ሥሪ። ትምህርት ቤቱ 800 ወላጅ አለው እንበል። 300 በ800 ሲባዛ 240 ሺህ ብር ነው። ስንት ጥበቃ ነው የሚቀጠረው? በወር ስንት? በመደበኛው በጀት የተመደበ ጥበቃና ጽዳት የለም ወይ? ካለ ለምን አልበቃም? ከሌለ ወረዳው በጽሑፍ ተጠይቋል ወይ? ብዙ ጊዜ ወረዳው ሳይጠየቅ ወላጅ ይጠየቃል፤ ወላጅ ቅርብ ነው፣ ደብዳቤ ግን መጻፍ ይፈልጋል። መጀመሪያ ደብዳቤው ይጻፍ በይ። ከውስጥ ገቢው መሸፈን ይቻል እንደሆነም ይታይ። ከዚያ በኋላ ጎደለ ከተባለ ጉባኤው ይጠራና በግልጽ ይነገር፤ ወላጁ ቁጥሩን ሲያይ የሚችለው ያዋጣል፣ የአዲስ አበባ ሰው ለልጁ ሲሆን እጁ አያጥርም። የሚያስቀይመው ሳይነገረው መጠየቁ ነው። የሰጠ ሁሉ ደረሰኝ ይቀበል። ደረሰኝ የሌለው ብር አትሰብስቢ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ቦርሳሽ ውስጥ አታሳድሪ።

የገንዘቡን ነገር አበዛሁት መሰለኝ፤ ኮሚቴው ግን ለገንዘብ ብቻ አልተፈጠረም። ትልቁ ሥራው ማየት ነው።

እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሃ ግብር አለው። ከ1999 ጀምሮ ያለ ነው። የሦስት ዓመት ዕቅድ ይወጣለታል፣ በየዓመቱ ይከፋፈላል። በአራት ርዕስ ይሄዳል፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ትምህርት ቤቱ ራሱን ሲገመግም ወላጅም አብሮ መገምገም አለበት። በወረቀት ደረጃ አሪፍ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ዕቅዱ ካምናው ይቀዳና ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ይቀየራል። አንቺ ዕቅዱን አስወጥተሽ አንብቢው፤ ከዚያ ወረቀቱን ይዘሽ በዕረፍት ሰዓት ግቢውን ዙሪ።

ለምን በዕረፍት ሰዓት? ይኸው ምሳሌ። አንድ ትምህርት ቤት የውኃ ችግር ነበረበት። ድጎማው ሲመጣ ሮቶ ተገዛ፣ በሲሚንቶ መሠረት ላይ ተሰቀለ፣ ስድስት ቧንቧ ተገጠመለት፤ ሪፖርት ላይ «የውኃ አቅርቦት፣ ተፈጽሟል» ተብሎ ተጻፈ፣ እኔም አይቼ ምልክት አድርጌ አለፍኩ። ሦስት ወር ቆይቶ አንዲት የወተመህ አባል፣ ገበያ አትክልት የምትሸጥ እናት፣ በዕረፍት ሰዓት መጥታ ቆመች። አንደኛና ሁለተኛ ክፍሎቹ ቧንቧው ጋ አይደርሱም። ትልልቆቹ ከፍተው ሲጠጡ ከሥር የሚንጠባጠበውን በመዳፋቸው ይቀልባሉ። እኛ ሁላችን፣ ዳይሬክተሩም እኔም፣ ልጆች ክፍል ውስጥ ባሉበት ሰዓት ነበር ያየነው፤ ስለዚህ ያየነው ቧንቧ ብቻ ነበር። እሷ ልጆቹን አየች። በሚቀጥለው ስብሰባ ተናገረች፣ ተጻፈ፣ በሳምንቱ ደረጃ ተሠራ፣ ከብሎኬት። ብዙ ገንዘብ አልወሰደም። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ለማየት ስሄድ በዕረፍት ሰዓት ነው የምሄደው።

አንቺም ሽንት ቤቱን እዪ፣ በተለይ የሴቶቹን። በሩ ከውስጥ ይዘጋል? ውኃ አለ? ለትልልቆቹ ሴት ልጆች በወር አበባ ጊዜ የሚገቡበት ቦታ አለ? ይህን ወንድ ሰብሳቢ ሊጠይቅ ያፍራል፣ ዳይሬክተሩም ሊያፍር ይችላል፤ አንቺ ጠይቂ። ምገባውንም እዪ። በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ጀምሮ ቁርስና ምሳ በከተማ አስተዳደሩ ወጪ ይቀርባል፣ ዩኒፎርምና ደብተርም እንደዚሁ መሰጠት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ስንት ልጅ ከራብ እንዳዳነ ያስተማረ ሰው ያውቀዋል፤ በፊት ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሆዱን ይዞ ጠረጴዛ ላይ የሚተኛ ልጅ በየክፍሉ ነበረኝ። መጋቢ እናቶቹን አነጋግሪያቸው። እህሉ በሰዓቱ ይመጣል? ለመጨረሻው ተሰላፊ ይደርሳል? ቀምሰሽም እዪ።

ልጅ ተመታ የሚል ቅሬታ ከመጣ ደግሞ «ለልጁ ብሎ ነው» በሚል አይሸፈን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንደሆነ ይላል። ቅሬታው ይጻፍ፣ መምህሩም ይጠየቅ፣ የእሱም ቃል ይመዝገብ። መምህራን ላይ ዘሎ መጮህ አልወድም፤ በአንድ ክፍል ብዙ ልጅ ይዘው ምን ያህል እንደሚደክሙ አውቃለሁ። ደሞዙም የሚወራ አይደለም። ግን ዝም ከተባለ ልጁም መምህሩም ይጎዳል።

የኢንስፔክሽን ሪፖርቱንም ጠይቂ። ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርድ ይመዘናሉ፣ ግብዓት፣ ሂደትና ውጤት ተብሎ፤ ከዚያ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል። 3ና ከዚያ በላይ ነው ስታንዳርዱን አሟላ የሚባለው። የእናንተ ስንት ነው? የት ላይ ነው ነጥብ የጣለው? ይህ ሪፖርት መሳቢያ ውስጥ የሚቆለፍ አይደለም። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። እነዚያ ልጆች አንድ ቀን 4ኛ ክፍል ነበሩ። አራተኛ ክፍል እያሉ ማንበብ ይችሉ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ ኮሚቴ በስንቱ ትምህርት ቤት ነበር? አንቺ ልትጠይቂ የምትችይው ትልቁ ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። «4ኛ ክፍል ካሉት ስንቶቹ አንድ ገጽ አንብበው ምን እንደሚል ይነግሩናል?» በይ። መልሱን ማንም በቃሉ አያውቀውም፤ ይፈተሹና በሚቀጥለው ስብሰባ ይቅረብ ይባል።

ማንን ነው የምወክለው ላልሽው። ይህ ጥያቄሽ ልቤን ነክቶታል። በ2017 መጀመሪያ ካዛንችስ ሲነሣ ብዙ ቤተሰብ ገላን ጉራ ሄዷል፣ ሌላውም በየአቅጣጫው ተበትኗል። አንዳንዱ ልጁን እዚያው አዛውሯል። አንዳንዱ ግን ልጁን ከለመደው ትምህርት ቤት ማውጣት አልሆነለትም፤ በሌሊት ተነሥቶ በሁለት በሦስት ትራንስፖርት ያመላልሳል። ዕድሩ ፈርሷል፣ ጎረቤት የለም፣ ቡና የሚጠራራ የለም። ለእነዚህ ቤተሰቦች ከድሮው ሰፈር የቀረው ነገር የትምህርት ቤቱ በር ብቻ ሊሆን ይችላል። የምትወክዪው እነሱንም ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው የመጀመሪያ ሥራው ወላጆቹ የት እንዳሉ ማወቅ ይሁን። ከየክፍሉ ኃላፊ መምህር ጋር ሆናችሁ ዝርዝር አውጡ፤ የትኛው ልጅ ከየት ነው የሚመጣው፣ በስንት ሰዓት ይነሣል፣ ስልክ ቁጥሩ ተቀይሯል ወይ። ከሩቅ የሚመጣ ልጅ አርፍዶ በር ሲዘጋበት ምን ይደረግ? ይህን ኮሚቴው ተነጋግሮ ሊወስን ይችላል። ዘግይቶ የመጣን ልጅ አስፋልት ዳር ማቆም ቅጣት አይደለም፣ አደጋ ነው። ለቀው የሄዱ ወላጆች የኮሚቴ አባል ከነበሩና መምጣት ካልቻሉ በይሉኝታ ስማቸውን ይዛችሁ አትቀመጡ። ጉባኤ ተጠርቶ ይተኩ። የአባላቱ ቁጥር እየጎደለ ሦስት ሰው ብቻውን የሚወስንበት ኮሚቴ ማንንም አይጠቅምም፤ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ የተወሰነ ነገር ደግሞ ነገ ሲጠየቅ አይቆምም። በተቃራኒው ደግሞ ከሩቅ የሚያመላልሱ ወላጆች አንድ ወንበር ይኑራቸው። ዙሪያውን ካለው ሰው ይልቅ ትምህርት ቤቱ እንዲጠነክር የሚፈልጉት እነሱ ናቸው፣ ያን ሁሉ መንገድ የሚመጡት ለሱ ብለው ነው።

ሰብሳቢው ብቻውን ወሰነ፣ ቃለ ጉባኤው ተደበቀ፣ ሂሳብ አናሳይም ተባለ ካልሽ መንገዱ አለ። መጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ኮፒው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብለሽ አስፈርሚ። መልስ ከጠፋ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ክፍለ ከተማው፣ ከዚያ ትምህርት ቢሮ። ብቻሽን አትሂጂ፤ ሁለት ሦስት ወላጅ ሆናችሁ ሂዱ። አንድ ሰው ሲሄድ የግል ጠብ ይመስላል። ከዚያ በፊት ግን ሱፐርቫይዘሩን አነጋግሪ። በየክላስተሩ አለ፣ ስልኩን ከቢሮ ታገኚያለሽ። ብዙ ነገር ደብዳቤ ሳይበዛ እሱ ጋ ያልቃል።

ሐሙስ ከሰዓትስ? የሐሙሱ ሰዓት ከሰማይ አልወረደም። ለመምህራኑ ስለተመቸ ነው የተመረጠው፤ ሱቅ ለሚሠራ፣ ጉሊት ለሚቸረችር፣ ግንባታ ላይ ለሚውል ወላጅ ማንም አላሰበለትም። በሚቀጥለው ስብሰባ እንደምንም አሠሪሽን አስፈቅደሽ አንድ ጊዜ ብቻ ሂጂና የመጀመሪያው አጀንዳ የስብሰባ ሰዓት ይሁን በይ። ቅዳሜ ጠዋት 2:30 ላይ አንድ ሰዓት፣ በወር አንድ ጊዜ፣ አጀንዳው ከሦስት ቀን በፊት በቴሌግራም ይላክልን፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ መጀመሪያ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ከተስማሙ እዚያው ይጻፍ። አንብበሽ ፈርሚ። ካልተስማሙም «በሐሳብ ልዩነት» የሚለውን አትርሺ፣ ምክንያቱን ጻፊ፦ ወላጅ መገኘት በማይችልበት ሰዓት ስለሆነ። ከዚያ የሆነውን እዚሁ ጻፊልኝ፣ ቀጥሎ ምን እንደምታደርጊ አብረን እናያለን።